ሬዲዮዋን ማን አስረሳት?

ነሐሴ 8 ቀን ማለዳ፣ ገና ለሥራ ሳልወጣ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። እንደ ወትሯቸው የቤተሰቡን ደኅንነት በየተራ ከጠየቁ፣ ስለ ሙቀቱም ጥቂት ካማረሩ በኋላ፣ ሰው መርዶ ሲያረዳ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያቺ ሬዲዮ እንደገና ረሳች» አሉኝ። በአነጋገራቸው ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያውም «አንተ እንዳትቸገር፣ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» ብለው አከሉበት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን «እንደገና» የምትለው ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ከሁለት ወር በፊት፣ ሰኔ 7 ቀን፣ ያቺን ሬዲዮ የጠገንኳት እኔ ነበርኩ፤ መጠገኔን ለሰማኝ ሁሉ ያወራሁትም እኔው ነበርኩ።

ጋሼ በንጉሡ ዘመን በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ክፍል የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። እዚህ ዋሽንግተን ከመጡ በኋላ ኑሯቸው ታክሲ ሆነ፤ ዛሬም በዚህ ዕድሜያቸው በሳምንት አራት ቀን ይነዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለራስ ደስታ በሬዲዮ የመገናኘት፣ ፈቃድ ሲያወጡ፣ ለከፍተኛው ደረጃ ከሚጠየቁት ፈተናዎች አንዱ በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚላክበትን የሞርስ ኮድ በደቂቃ አምስት ቃል ሰምቶ መጻፍ ነበር። በወጣትነታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሞርስ ሲቀበሉ ላደሩ ሰው ይህ ፈተና ሳይሆን ቀልድ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 23 ቀን 2007 ጀምሮ የሞርሱን ፈተና ጨርሶ ሲያነሳው ግን እንደ ሰው ሞት አዘኑ። «አሁን እኮ ማንም ገዝቶ የሚያወራው ሆነ» ይላሉ እስከ ዛሬ።

ሬዲዮዋን የገዟት ፈቃዱን ባወጡበት ዓመት፣ አማተሮች አሮጌ ዕቃ በሚሸጡበት የቅዳሜ ገበያ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጃፓን የተሠራች፣ በመኪና ዳሽቦርድ ሥር የምትገጠም፣ የሁለት ሜትር ባንድ በሚባለው ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የምትሠራ ናት። ሰው «ለታክሲው ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይቆጣሉ፤ በአማተር ሞገድ ንግድ ማካሄድ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሬዲዮ ሕግ አይቀልዱም። የሚጠቀሙባት ምሽት ምሽት የአካባቢው አማተሮች በሪፒተር (ድምፅን ተቀብሎ አጠንክሮ መልሶ በሚያሰራጭ ጣቢያ) ላይ ተሰብስበው እየተጠራሩ ሰላም በሚባባሉበት ሰዓት ነው። ይህ ሞገድ በቀጥታ ከሚታይ ርቀት ብዙም ስለማያልፍ አዲስ አበባን አያሰማም። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ የሆነውን የአማተሮች ክበብ ጣቢያ መስማት የሚፈልግ አጭር ሞገድ ያስፈልገዋል፤ ጋሼም ለዚያ ቤታቸው ሌላ ሬዲዮ አላቸው። የመኪናዋ ግን የልባቸው ናት።

የመርሳት ነገር የጀመራት ከፋሲካ በኋላ ነው። ማታ ተዘግታ ማለዳ ስትከፈት፣ 20 የማስታወሻ ቻናሎቿ ባዶ ሆነው፣ ስክሪኗ ላይ ከፋብሪካ እንደወጣች 144.000 ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ጋሼም ለማንም ሳይናገሩ፣ በየማለዳው መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው 14 ቻናሎችን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ሞሉ። ለእያንዳንዱ ሪፒተር መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲው ይገባል። ሪፒተሩ የሚሰማውና የሚናገረው በ600 ኪሎኸርዝ ስለሚራራቅ፣ ልዩነቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚለው ይመረጣል። ከዚያ ተቀባዩ ሬዲዮ አጣርቶ ለጆሮ የማያሰማው የመክፈቻ ቃና፣ ለምሳሌ 107.2 ኸርዝ፣ ይስተካከላል። በመጨረሻ ቻናሉ ይያዛል። ይህን 14 ጊዜ መድገም ከሩብ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሁሉንም ከቃላቸው ነበር የሚያስገቡት። እኔ ያወቅሁት አንድ ቀን ማለዳ ከቤታቸው ደጃፍ ስደርስ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዳሽቦርዱ ላይ አጎንብሰው ሳያቸው ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። «ወር አልፎታል» አሉኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ባትሪ ናት

እኔ ቀን ቀን የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሬዲዮ መክፈት ግን በልጅነቴ መርካቶ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ተቀምጬ የተማርኩት ነገር ስለሆነ፣ እጄ እስካሁን አልተወውም። ጋሼ ችግሩን ሲነግሩኝ ሳልከፍታት መልሱን ሰጠሁ፦ «ባትሪ ናት።» ለነገሩ እውነት ነበር።

የዚያ ዘመን ብዙ ሬዲዮዎች ቻናሎቻቸውን የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ ሁሉን በሚያጣ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ቶሺባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ያለ ኃይል የሚያስታውሰውን ፍላሽ ሜሞሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ቢያቀርቡም፣ የሬዲዮ ሠሪዎች ለብዙ ዓመት ከዚያ በኋላም የመረጡት ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አስገብቶ ቺፑን ማኖር ነበር። ይህም የሚቻለው ፍራንክ ዋንላስ እ.ኤ.አ. በ1963 ፌርቻይልድ ውስጥ ያፈለቁት ሲሞስ የሚባለው አሠራር ቺፑ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ የማይጠቀም ያህል ስለሚያደርገው ነው። ባትሪዋ የምታጠጣው የመኪናው ኃይል ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ሬዲዮዋ ስትከፈት ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ አንዲት ዳዮድ መንገዱን ትዘጋና ባትሪዋ ታርፋለች።

በነገራችን ላይ፣ የሬዲዮውን ዓይነት ሳይጠይቁ ባትሪ መንቀል ሁልጊዜ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አይኮም አይሲ-751 እና አይሲ-አር71 ባሉ የ1980ዎቹ ሬዲዮዎች ባትሪዋ የምትጠብቀው ቻናሎችን ብቻ ሳይሆን ሬዲዮው ራሱ የሚሠራበትን መመሪያ ጭምር ነው። እዚያ ባትሪዋ ለቅጽበት ከተቋረጠች የሚጠፋው የአንድ ሰው የቻናል ዝርዝር ሳይሆን ሬዲዮው ራሱ ነው። ስለዚህ አዋቂዎች አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጎን በትይዩ ይበይዱና ከዚያ አሮጌውን ይቆርጣሉ። የጋሼ ሬዲዮ ከዚያ ወገን አለመሆኗን አረጋግጬ ነው ካቻቢቴ ያነሳሁት። ይህችን ጥንቃቄ ለራሴ የምቆጥረው ቀጥሎ ያጎደልኩትን ስለማውቅ ነው።

ከፊት ገጿ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ የተበየደችው ባትሪ ሲአር2032 ነበረች። ስሟን ማንበብ ለሚወድ ሰው ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፏል፤ «ሲ» የኬሚስትሪዋ ምልክት ነው፣ «አር» ክብ መሆኗን ይናገራል፣ 20 ስፋቷ በሚሊሜትር፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። አዲስ ስትሆን ከ3 ቮልት በላይ ታሳያለች። በቴስተሬ ስለካት 1.2 ቮልት ብቻ ቀርቷታል። የሊቲየም ባትሪ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳያጎድል ይኖርና መጨረሻው ላይ በድንገት ይወድቃል። ጋሼ ከገዟት ጊዜ ጀምሮ ማንም አልነካትም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች ማለት ነው።

አሮጌዋ በፋብሪካ በተጣበቁላት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በኩል ነበር ቦርዱ ላይ የተበየደችው። ምላስ የሌላትን ባትሪ በቀጥታ በመበየጃ መንካት አይገባም፤ ሙቀቱ ከውስጥ ያበላሻታል፣ ልትፈነዳም ትችላለች። ስለዚህ የፕላስቲክ የባትሪ ቤት ገዝቼ ቦርዱ ላይ በየድኩ፤ ከእንግዲህ ባትሪዋ ስታልቅ ማንም ሰው በጥፍሩ አውጥቶ ይቀይራታል ብዬ። በዚህ ቤት ኮርቼ ነበር። ለጋሼም ከባትሪዋ አስበልጬ ያሳየኋቸው እሱን ነው። እሳቸውም መረቁኝ፣ ገንዘብ ሲዘረጉ እምቢ አልኩ፣ ቡና ተፈላ፣ ክርስትና ላይ ለተገናኘኋቸው ወዳጆች ሳይቀር የሬዲዮዋን ታሪክ አወራሁ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው።

ሃያ ዓመትና ሁለት ወር

ነሐሴ 8 ማታ ሬዲዮዋን ከጋሼ መኪና ፈትቼ ቤቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት። ባለቤቴ ልጆቹን አስተኝታ ስትመለስ ከፊት ገጿ ጋር ተፋጥጬ አገኘችኝና ምንም ሳትናገር መብራቱን አስጠግታልኝ ሄደች። ባትሪዋን አውጥቼ ለካሁ፤ 1.3 ቮልት። የሁለት ወር ባትሪ ሞታለች ለማለት ይከብዳል፤ ልክ 61 ቀኗ ነበር።

መሳቢያዬ ውስጥ ከዚያው እሽግ የተረፉ አራት አዲስ ባትሪዎች ነበሩ። አንዷን አውጥቼ በእጄ ያዝኩ። ያችን ደቂቃ እስካሁን አልረሳትም። ባትሪዋን በዚያ በኮራሁበት ቤት ውስጥ አስገብቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ነገ ጠዋት መልሼ ብገጥምላቸው ጋሼ ዳግም ይመርቁኝ ነበር፤ ቡናውም ዳግም ይፈላ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ደግሞ ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም። ያስቆመኝ ትጋት አይደለም። ያስቆመኝ ያቺ «እንደገና» ናት፤ በጥቅምት ደግሞ እሷኑ ቃል በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ መስማቱ ከበደኝ።

የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ሒሳብ ጀመርኩ። እንዲህ ያለች ባትሪ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ትይዛለች። 61 ቀን 1,464 ሰዓት ነው። አንዱን ለሌላው ሳካፍል በአማካይ 150 ማይክሮ አምፔር ያህል ሲወጣ ኖሯል ማለት ነው። ቺፗን ለማኖር ግን አንድ ወይም ሁለት ማይክሮ አምፔር ይበቃ ነበር። ስለዚህ ባትሪዋ በራሷ አላለቀችም። ከሚገባት ከሰባ አምስት እስከ መቶ ሃምሳ እጥፍ የሚጠጣባት ነገር ነበር፣ ቀንም ሌሊትም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን አንድ ሰዓት ስናገር አፍራለሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው፤ ርካሽ እሽግ ነበር፣ አስመስለው የሠሩት ይሆናል አልኩ። ሌላዋን ከዚያው እሽግ አውጥቼ ስለካት ጤነኛ ናት። ቀጥሎ ዳዮዷን ጠረጠርኩ፤ ሠላሳ ዓመት የኖረች ዳዮድ ብትደክም አይፈረድባትም። ለካኋት፤ እሷም ደኅና ናት። ከዚያ ቺፗን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ የጋሼን መኪና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከዚያ የዚህን ዓመት ሙቀት። ሻጩን፣ ሠሪውን፣ ባለቤቱን፣ አየሩን ሳይቀር በየተራ ከሰስኩ። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተከሰሰ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ወረቀቱን እንደገና ሳየው፣ ሒሳቡ ሳይሆን ከሒሳቡ በላይ የጻፍኳቸው ሁለት ቁጥሮች ያዙኝ። አሮጌዋ ባትሪ ከሃያ ዓመት በላይ፤ አዲሷ 61 ቀን። ሬዲዮዋ ያቺው ናት። ቦርዱም፣ ዳዮዷም፣ ቺፗም፣ መኪናውም ያው ናቸው። የዋሽንግተን በጋ ሃያ ጊዜ በላይ መጥቶ ሄዷል። በአሮጌዋና በአዲሷ መካከል የገባ አንድ አዲስ ነገር ቢኖር ሰኔ 7 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም የእኔ እጅ ነው። ይህን ለማየት ቴስተርም አጉሊ መነጽርም አያስፈልግም ነበር፤ ቀን ቆጥሮ ማወዳደር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ወደዚያ የደረስኩት ሌላውን ሁሉ ጨርሼ፣ ከእኔ በቀር የምከሰው ሳጣ ነው።

ትንፋሽ

አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ። ሰኔ ላይ የባትሪ ቤቱን ስበይድ የአሮጌው ብየዳ ቆርቆሮ አልቀልጥልህ ብሎኝ ነበር። የተለመደው፣ ከጥድ ሙጫ የሚሠራው ፍላክስ (ብየዳው ብረቱን እንዲይዝ የሚቀባው ነገር) አልቆብኝ ስለነበር፣ ለሌላ ሥራ የገዛሁትን በውኃ የሚታጠብ ፍላክስ ቀባሁበት። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ውስጡ አሲድ ስላለው ያረጀውን ብረት ጠርጎ ብየዳውን ያሳምረዋል። ነገር ግን ስሙ እንደሚለው በውኃ መታጠብ አለበት። ካልታጠበ ቅሪቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ውሎ አድሮም ብረቱን ይበላል። የጥድ ሙጫው ቢረሳ ቦርዱ ላይ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ ብዙ ጉዳት የለውም። እኔ ደግሞ አሲዳሙን ልክ እንደ ሙጫው ቆጥሬ፣ በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ዓይኔ ያየውን ቦታ ብቻ አብሼ ተውኩት። ከባትሪ ቤቱ ሥር ያለውን ዓይኔ አላየውም።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ከባትሪዋና ከመገናኛው ብረት መካከል ቀጭን ወረቀት አስገባሁና ኃይሉ በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በልክ የሚገታ ዕቃ) በኩል ዞሮ እንዲሄድ አደረግሁ። እንዲህ ሲሆን በሬዚስተሩ ጫፎች ላይ የሚነበበው እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ማይክሮ አምፔር ማለት ነው። ቴስተሩ 96 ላይ ቆመ። ከ150 ያነሰበት ምክንያት አልጠፋኝም፤ ቤቴ ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር ሲሠራ ስላመሸ አየሩ ደረቅ ነበር። የጋሼ መኪና ግን የሚያድረው ደጅ ነው። አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ይታወቃሉ፤ እዚህ ደግሞ ዝናቡ ባይወርድም አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ሰውነት ላይ የሚለጠፍበት ወቅት ነው።

ከዚያ መርካቶ ያስተማረኝ ሰው ሲያደርግ ያየሁትን አደረግሁ። ቦርዱን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ሰው መነጽሩን ሊያጸዳ እንደሚያደርገው፣ በቀስታ «ሃህ» ብዬ ተነፈስኩበት። ቁጥሩ ተነቃነቀ። 110፣ 140፣ 180፤ 212 ደርሶ ቆመ። ትንፋሼ ከቦርዱ ላይ እየተነነ ሲሄድ ቁጥሩም ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ቀስ እያለ ወደ 96 ተመለሰ። ደግሜ ተነፈስኩ፤ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ዳዮድ ወይም ቺፕ ቢሆን ኖሮ ለሰው ትንፋሽ እንዲህ አይታዘዝም። ሦስተኛ ጊዜ ስተነፍስ ለማረጋገጥ አልነበረም፤ በቃ፣ የራሴ ስህተት በራሴ ትንፋሽ እየተነሳ ሲተኛ ማየቱ ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር።

የባትሪ ቤቱን ነቅዬ በአጉሊ መነጽር ስመለከት ከሥሩ እንደ ላብ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ተገኘ። በባትሪዋ አዎንታዊ ጫፍና ከጎኑ ባለው የምድር መስመር (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሽፋኑ ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ ድልድይ ሠርቷል። በመዳቡ ጠርዝ ላይም አረንጓዴ ዝገት መታየት ጀምሯል። ያቺ ሌላዋ ባትሪ በእጄ እያለች ብገጥማት ኖሮ ሁለት ወር ማባከን ብቻ አልነበረም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መመላለስ ላይ መስመሩ ተበልቶ ሬዲዮዋ ጨርሶ ትጠፋ ነበር።

ማጠቡ ቀላሉ ክፍል ነው። ለብ ባለ የተጣራ ውኃና በጥርስ ብሩሽ ቦታውን ደጋግሜ አጠብኩት፣ ከዚያ ውኃውን እንዲያነሳልኝ በ99 በመቶ አልኮል አለቀለቅሁት፣ ሌሊቱን በቬንቲሌተር ፊት አሳደርኩት። በማግስቱ የባትሪ ቤቱን በሙጫው ፍላክስ መልሼ በየድኩና ለካሁ። ቴስተሩ ከ2 ሚሊቮልት በታች አሳየ። ተነፈስኩበት፤ አልተነቃነቀም። በዚህ አያያዝ ሒሳቡ ከ12 ዓመት በላይ ያደርሳል፤ ሬዲዮዋ በተከፈተች ሰዓት ሁሉ ባትሪዋ ስለምታርፍ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ጋሼ ምን አሉ

ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። «ባትሪው ችግር ነበረበት፣ ቀይሬዋለሁ» ብል ማንም አይመረምረኝም። ይህን ዓረፍተ ነገር በልቤ አዘጋጅቼውም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኔ ነገር የባሰው ግን የተወጋው ሰው መወጋቱን አለማወቁና ይባስ ብሎ የወጋውን መመረቁ ነበር። ስደውልላቸው ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ከአፌ አልወጣም። «ጋሼ፣ ሬዲዮዎን ያስረሳኋት እኔ ነኝ» ብዬ ከፍላክሱ እስከ ትንፋሹ ነገርኳቸው።

በዝምታ ሰሙኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ስህተቱ አልነበረም። «ስትተነፍስባት ቁጥሩ ከፍ አለ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ከ96 ተነስቶ ከ200 በላይ ሄደ።»

ሳቁ። የጋሼ ሳቅ ብዙ ጊዜ አይሰማም። «ተናገረች በለኛ!» አሉና ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ በነበሩበት ጊዜ፣ ጉሙ ማለዳ ሲወርድ የሬዲዮው ድምፅ ይዳከምና ከማዶ ያለው ጣቢያ አይሰማቸውም ነበር። ጸሐይ እስክትወጣ ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልለው አንዱ ወታደር እንደ ሕፃን አቅፎት ይቀመጣል። አዛዡ ማረፍ ያማራቸው ሰነፎች መስለውት ሁለት ቀን ቀጥቷቸዋል። «እርጥበት ነው ብንለው አላመነንም» አሉ። «መተንፈሱን ያኔ ብናውቀው ኖሮ ፊቱ አድርገን እናሳየው ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዋን መልሼ ለመግጠም ሄድኩ። መኪናው ውስጥ እሳቸው በሾፌሩ ወንበር፣ እኔ በጎን ተቀምጠን ቻናሎቹን አብረን ሞላን። እሳቸው ከቃላቸው ይጠራሉ፣ እኔ አስገባለሁ። 146.520፣ ሰው ያለ ሪፒተር በቀጥታ የሚጠራራበት፣ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሪፒተሮቹ በየተራቸው መጡ፤ እያንዳንዱን ሲጠሩ በዚያ ሪፒተር ላይ የሚያገኙትን ሰው ጠባይ አብረው ይናገሩ ነበር። ይህኛው ላይ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ አለ፤ ያኛው ላይ ሁልጊዜ ስለ አትክልቷ የምታወራ ሴት አለች፤ ይህ ደግሞ ማማው ከፍታ ላይ ስለሆነ እስከ ባልቲሞር ይሰማል። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ቃናውን ተሳሳትኩ፤ ሳያዩ፣ ከቁልፉ ድምፅ ብዛት ብቻ አውቀው «አይደለም፣ አንድ ወደ ኋላ» አሉኝ። ከፋሲካ እስከ ሰኔ በየማለዳው ይህን ሲያደርጉ የከረሙት ለምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ገባኝ መሰለኝ። እኔ እንደ ችግር ያየሁትን እሳቸው ያን ያህል አልጠሉትም። ያም ሆኖ «እንዲህ ከሆነስ ልተወው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም እንድተወው አልፈለጉም።

14ኛው ሲያበቃ ዘጋኋት። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው «ትንሽ ትቆይ» አሉ። ገብተን ቡና ጠጣን፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፣ ተመልሰን ከፈትናት። 146.520 ወጣ።

ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት፣ ነገ የሚከፍታት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅምና፣ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ባትሪ ሲአር2032፣ ነሐሴ 2017፣ ፍሳሽ ከ2 ማይክሮ አምፔር በታች» ብዬ ጽፌ ከክዳኑ ውስጥ በኩል ለጠፍኩት። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡት። በሠራዊቱ የሬዲዮ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ መስመር ሰዓትና የኦፕሬተሩ ፊርማ ነበረው።

«ስምህስ?» አሉኝ።

ጻፍኩበትና ብሎኖቹን አጠበቅሁ።